የልብ ምቴን ስቆጥር የከረምኩበት ዓመት

የመጀመሪያው ምልክት የመጣብኝ ጋሸና ላይ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደየቤታችን ተበትነናል። ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን ሚኒባስ ስጠብቅ አጠገቤ የቆመ ሰው አሳለ። ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ። እጄ ደነዘዘ። አየር አጠረኝ። ማስኬን አውልቄ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲለቀኝ ኮሮና እንደያዘኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጣቶቼ ከእጅ አንጓዬ ላይ አልተነሱም፤ ቀኑን ሙሉ የልብ ምቴን እቆጥር ነበር።

የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ከላሊበላ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ከመንደራችን ሕክምና ለመማር የሄድኩት የመጀመሪያዋ እኔ ስለሆንኩ፣ በሽተኛ መርምሬ ሳላውቅ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር።

እቤት እንደገባሁ ወላጆቼን እንዳልበክል ብዬ ጓዳ ውስጥ ለብቻዬ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ። ትኩሳትም ሳልም አልመጣብኝም። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ግን መውጣት አልቻልኩም። ስለ በሽታዎች የምንማርበትን የፓቶሎጂ ሃንድአውቴን ከፍቼ አንድ መስመር አምስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። እህል አስጠላኝ። ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፣ ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል። እናቴ ትምህርቱ ናፍቋት ነው አለች።

ሰኔ ላይ እማማ ጥሩወርቅ ደጃችን መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ እኔን ስትወልድ ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። እያሳሉ ነበር።

«ልጄ፣ እስቲ ደረቴን አዳምጭልኝ» አሉኝ።

የልብ ማዳመጫ ስቴቶስኮፔ የጓዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ከበሩ አላለፍኩም።

«እማማ፣ አይቅረቡኝ። እቤት ይተኙ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ።

በስድስተኛው ቀን ሞቱ። ቀብር አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አልታጠብም። ጸጉሬን አልሠራም። ሰው ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ገደልኳቸው እላለሁ። ሐኪም አልሆንም እላለሁ። መሞትን አሰብኩ። አንድ ቀን አይደለም። በየቀኑ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባቴ ሞፈር ሲጠርቡ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«አባዬ፣ መኖር አልፈልግም» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። መጥረቢያውን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ። «ነይ፣ እንሂድ» አሉ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጭቃውን ይዘን ወደ ከተማ ወረድን። በየጥቂት እርምጃው ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ልቤን አዳመጠ፣ ደም አስመረመረኝ። ልቤ ደህና መሆኑን ነግሮኝ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከኝ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር ዘይነባ የምትባል፣ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነች ነርስ ናት። ለብቻዬ አስቀምጣ ብዙ ጠየቀችኝ፤ መጨረሻ ላይ፣ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አልደነገጠችም።

«የያዘሽ ዲፕሬሽን፣ ድባቴ የሚሉት ሕመም ነው» አለች። «ጋሸና ላይ የመጣብሽ ደግሞ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ በድንገት የሚነሳ ከባድ ፍርሃት ነው። ሁለቱም ይታከማሉ። አብሽሪ።»

ሁለቱንም ስሞች ክፍል ውስጥ ተምሬያቸዋለሁ፤ የእኔ ስም አጠገብ ይጻፋሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ፍሉኦክሰቲን የሚባል እንክብል፣ ጠዋት ጠዋት አንድ እንድወስድ አዘዘችልኝ። አባቴን ጠርታ ለጊዜው ብቻዬን እንዳይተዉኝ፣ እቤት ውስጥ ለአደጋ የሚሆነውን ሁሉ እንዲያርቁ ነገረቻቸው።

«ጸበል ልወስዳት አስቤ ነበር፤ ልተወው?» አሏት።

«አይተዉት አባባ። ጸበሉን ትጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ ባሱብኝ። አቅለሸለሸኝ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ራበኝ። እናቴ የባቄላ እሸት ስትፈለፍል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት እየፈለፈልኩ በላሁ፣ እሷም ብዙውን ወደ እኔ ታስጠጋው ነበር። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ሲስተር ዘይነባ እየወረድኩ፣ ጭንቀቱ ሲመጣ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ ማስወጣትን፣ ጣቶቼን ከእጄ አንጓ ማንሳትን፣ ቀን አለመተኛትን ጥቂት በጥቂት ተማርኩ።

ስለ እማማ ጥሩወርቅ የነገርኳት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። «ያኔ ሐኪም አልነበርሽም፣ የፈራሽ ተማሪ ነበርሽ» አለችኝ። «ማዘን ያለ ነው። ገደልኳቸው ማለት ግን ሌላ ነው።» ልጃቸውን ባንቺን ሄጄ እንዳነጋግራት የመከረችኝም እሷ ናት። ሄድኩ። ባንቺ ወንበር ሰጥታኝ ሰማችኝ።

«እኛም ኮሮና ነው ብለን ፈርተን እቤት አቆየናት» አለችኝ። «ጤና ጣቢያ የወሰድናት በአምስተኛው ቀን ነው። የሳንባ ምች ነው አሉን። አንቺን አልወቀስንም። ቀብሯ ላይ አለመምጣትሽ ግን ከፍቶኛል።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ይህን እስከ ዛሬ ይዤው እኖራለሁ፤ ግን አልጋ ላይ አይጥለኝም።

ተሽሎኛል ብዬ መድኃኒቱን በራሴ ያቆምኩበት ጊዜም አለ። ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰብኝ፤ አፍሬ ወደ ሲስተር ዘይነባ ስሄድ ሳትቆጣ እንደገና አስጀመረችኝ። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት እንክብሉን በካልሲ ውስጥ ደብቄ ሄድኩ። አንድ ቀን የዶርሜ ልጅ ሄለን አየችው። አስተማሪዎች ይሰሙብኛል ብዬ ስጨነቅ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እሷም ከወረርሽኙ ወዲህ ሳታለቅስ ያደረችበት ሌሊት ጥቂት መሆኑን ነገረችኝ። በማግስቱ ወደ ግቢው ክሊኒክ አብረን ሄድን።

ዛሬ ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም ነኝ። ጭንቀቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ በተለይ ትንፋሽ ያጠረው በሽተኛ ሲመጣ ይነሳብኛል። ሲነሳ አውቀዋለሁ፣ እሠራለሁ።

ይህን የምታነቢው የሕክምና ተማሪ ከሆንሽ፣ የበሽታውን ስም ማወቅሽ አያድንሽም፤ እኔን አላዳነኝም። ለአንድ ሰው ተናገሪ። ያ ሰው ካልገባው ለሌላ ተናገሪ። መሞት የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ዛሬውኑ ተናገሪ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም አታቁሚ።

ሲስተር ዘይነባን፣ እናቴን፣ ሄለንን አመሰግናለሁ። ለአስታማሚዎች የምለው ግን ከአባቴ የተማርኩትን ነው። ዲፕሬሽን የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ አስተካክለው አይጠሩትም። ልጃችሁ መኖር አልፈልግም ስትላችሁ ምን እንደምትመልሱ አትጨነቁ። የያዛችሁትን አስቀምጡና አብራችኋት ሂዱ።