ከግንቡ ፍርስራሽ የእማማ ጥሩዬ በረት

«ድንጋዬን ልትወስዱብኝ ነው?» አሉ ዛሬ እማማ ጥሩዬ፣ በረታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው።

አስጎብኚ ነኝ። አንድ ጃፓናዊ አዛውንት ይዤ፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ላሳያቸው ሄጄ ነበር።

ከግንቡ የቀረው ጥቂት ነው። ግማሹ የእማማ በረት ሆኗል።

የእማማን ጥያቄ ስተረጉምላቸው እንግዳው ሳቁ። «እኛም አገር ኮረብታ ላይ የፈረሰ ግንብ አለ። የአያቴ አጥር የተሠራው በሱ ድንጋይ ነው፤ ንገርልኝ።»

ነገርኳቸው። እማማ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንዲያ ከሆነማ ግቡ!»

ከላሞቹ ኋላ ጭዱን ገለጥ አድርገው፣ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ አሳዩን። እንዳይወሰድባቸው ሸፍነውት ኖሯል።

ፎቶ አላነሳንም። ጭዱን መልሰን ከመርንበት።

የትኛው ኮረብታ እንደሆነ አትጠይቁኝ። በእናንተስ አገር የጥንቱ ግንብ ድንጋይ ማን ቤት ገባ? መንደሩን ሳትጠሩ አጫውቱኝ።