ድሮሞን ከግድግዳው ማዶ የሰማው

የአቴናው ልብስ አጣቢ ድሮሞን ሰው አያምንም። ጠባዩ ከሥራው የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ እድፍ በሚያስለቅቅ የከረመ ሽንት ዘፍዝፎ ሲረግጥ የኖረ ሰው፣ ነጭ ለባሽ ሁሉ ምን ሸሽጎ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የወይን ጠጅ፣ የሌላ ሴት ሽቶ፣ አንዳንዴም ደም። አላፊ አግዳሚው እንዲሸናበት መንገድ ዳር ያስቀመጠውን ማሰሮ እንኳ ይሰርቁኛል ብሎ በቀን ሦስቴ ወጥቶ ያያል። ማን ይሰርቀዋል ብትሉት፣ «እናንተስ ለምን ጠየቃችሁ?» ይላችኋል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር የተባለው ለእሱ ነው።

በአንድ ግድግዳ የሚጎራበተው አርኬዴሞስ ደግሞ፣ በገበያው ዳር ሥዕል ባለበት ሰገነት ሥር እየተሰበሰቡ «በእጅህ ያልሆነ ነገር አያስጨንቅህ» ከሚባባሉት ፈላስፎች ወገን ነው። ድሮሞን አይወዳቸውም። የማይቆጣ ሰው አንድ ነገር ደብቋል ባይ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነውና በየምሽቱ መብራት ሲለኮስ የአርኬዴሞስ ድምፅ ይሰማዋል፤ ረጋ ብሎ፣ «ፊላ ሟች ናት፤ ነገ ላትኖር ትችላለች» ይላል። ፊላ ሚስቱ ናት።

«ይህ ሰው ሊገድላት ነው» አላት ድሮሞን ሚስቱን ሜሊኖን፣ ገና በተጎራበቱ በመጀመሪያው ሳምንት። አሥራ ሁለት ዓመትም ይህንኑ አላት።

«አሥራ ሁለት ዓመት የሚያስብ ገዳይ ከየት ይምጣ?»

«ችኩሉማ ይያዛላ።»

በወይን ለቀማ ሰሞን ፊላ ሦስት ቀን አተኩሷት ሞተች። አርኬዴሞስ ደረቱን አልመታም፣ አልጮኸም። ዓይኗን ከድኖ ወደብ ላለው ወንድሟ መልእክት ላከ። ድሮሞን ደሙ ፈላ። በአገሩ ሕግ ነፍሰ ገዳይን የሚከስ የሟች ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ወንድሟ ሲደርስ «መርዝ ነው» ሊለው ቆረጠ። ወንድሟ ካመነ አርኬዴሞስ እንደሚገደል ያውቃል። አውቆም አላመነታም።

ሬሳ ያረፈበት ቤት ውሃ ርኩስ ነው። ለቀስተኛ ሲወጣ ለመንጻት የሚረጨው ውሃ ከጎረቤት ይመጣል። ስለዚህ አርኬዴሞስ ማሰሮ ይዞ ድሮሞን ደጃፍ ቆመ።

«ውሃ ስጠኝ፣ ጎረቤቴ።»

«መጀመሪያ ንገረኝ። ማታ ማታ ሟች ናት የምትለው ለማን ነበር?»

አርኬዴሞስ አልደነገጠም፤ ድሮሞን ይበልጥ ጠረጠረ።

«ለራሴ። ተኳርፈን ከዋልን፣ ያን ስል ኩርፊያዬ ያሳፍረኛል።»

«እሷ ትሰማ ነበር?»

«ትሰማለች። ‹አንተም ሟች ነህ፣ ይልቅ ምስሩ ሳይቀዘቅዝ ብላ› ብላ ትስቅብኝ ነበር።»

ያን ሳቅ ድሮሞን ያውቀዋል። በየምሽቱ ከዚያ ቃል ቀጥሎ ይሰማው ነበር፤ ክፉውን እያዳመጠ ሳቁን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

«እና ተዘጋጅተህ ስለነበር ነው የማታለቅሰው?» አለ፣ ድምፁ ግን ወርዷል።

«አሥራ ሁለት ዓመት ተዘጋጀሁ» አለ አርኬዴሞስ። «አልበቃኝም።» ውሃ እንዲቀዳለት የዘረጋው ማሰሮ አፉ ወደ ታች ተደፍቷል። እሱ አላየውም።

ድሮሞን ማሰሮውን ተቀብሎ አቀናና ሞላለት። ወንድሟ ሲመጣም አብሮ አለቀሰ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በራሱ እጅግ አፈረ።

በቀብሩ ማግስት ምሽት ሜሊኖ ሽንኩርት ትከትፋለች። ድሮሞን እጆቿን አያቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ከንዝንዝ የተረፈች ምሽት ትዝ አላለችውም። ተነሥቶ ወይን ጠጅ ቀዳ፣ በውሃ በረዘ፣ በሁለት እጁ አቀረበላት። ይህን አድርጎ አያውቅም። ከዚያም በለሆሳስ፣ «ሜሊኖ ሟች ናት» አለ።

ሜሊኖ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ጽዋውን አየች፣ እሱን አየች።

«መጀመሪያ አንተ ቅመሰው» አለችው።

ቀመሰላት። ያን ጊዜ በሳቅ ፈነዳች። ድሮሞን ቶሎ ብሎ አፏን በመዳፉ ከደነ፤ ከግድግዳው ማዶ አርኬዴሞስ ብቻውን ተቀምጧል።