ከስኳሩ ጎን የነበረው ፌስታል

መጀመሪያ የተሰማኝ ኮምጣጣነት ነው። በሶው የቆየ መስሎኝ ደግሜ ተጎነጨሁ። ከዚያ ጉሮሮዬ ነደደ።

ካዛንቺስ አሮጌ ቤቶቿ እየፈረሱ ፎቅ የሚተከልባት ጊዜ ነበር። ከባልደረባዬ ከሸምሱ ጋር የአንድ አዲስ ሕንፃ የእምነበረድ ወለል እናብረቀርቃለን። ሁዳዴ ስለነበር እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። እሱ ሙስሊም ነው፤ ግን ሰዓቱ ሲደርስ በሶዬን በጥብጦ የሚጠብቀኝ፣ ማንም ሳያዘው፣ እሱ ነው። የዚያን ዕለትም ስኳር ጨምሮበት ሰጠኝ።

ስኳር አልነበረም። ኦክሳሊክ አሲድ ነበር።

እምነበረዱን የምናብረቀርቅበት ነው። ዝገትና እድፍ ያስለቅቃል፤ አናጺዎችም የጠቆረ እንጨት ያነጡበታል። ነጭ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ከስኳር አይለይም። ስሙ የተጻፈበት ከረጢት መጋዘን ይቀራል፤ እኛ የዕለቱን በፌስታል ቋጥረን እንወጣለን። ስኳሩም በፌስታል፣ በሶውም በፌስታል። ስንት ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠናቸው ይሆን? ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

አስመለሰኝ። ደም ነበረው። አንዱ ሠራተኛ «ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት፣ ያውጣው» ሲል ሸምሱ ሮጦ ከሱቅ ወተት አመጣ። አፌን ገጠምኩ። እየሞትኩ «ጾም ነው» እላለሁ!

«ጠጣ በቃ! ኃጢአቱ በኔ ይሁን!» እያለ ያለቅስ ነበር። ጠጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ከንፈሬ ደነዘዘ። ጣቶቼ ተኮራመቱ። መዘርጋት አቃተኝ።

ሆስፒታል የተቀበለችኝ ሐኪም «አሲዱ ደምህ ውስጥ ያለውን ካልሲየም እየጨረሰው ነው» ብላ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥሬ ሰጠችኝ። ሽንቴ ግን ቆመ። ኩላሊቴ ተጎድቷል ተባለ። ደሜ በማሽን ሊጣራ ነው፤ ዲያሊሲስ። ነገሩ አልገባኝም። በሶ ነው እኮ የጠጣሁት!

ወንድሞቼ ሸምሱን «መርዘኸዋል» ብለው ከበር መለሱት። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ጠራቻቸው። «ሆዱ ውስጥ ከቀረው አሲድ ብዙውን የያዘው ወተቱ ነው። ያ ሰው ባይኖር ዛሬ ስለ ኩላሊቱ ባላወራን ነበር።» ታላቅ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ሸምሱን እጁን ይዞ አስገባው።

ሽንቴ በጠብታ ሲመለስ ነርሷ እልል አለች። የኩላሊቴ ሥራ የሚለካበት ክሬአቲኒን ቀስ በቀስ ወረደ፣ ከዲያሊሲሱም ወጣሁ፣ ጣቶቼም ተዘረጉ፤ ውሎ አድሮም የሸምሱን ትከሻ ተደግፌ፣ እያረፍኩ፣ ከካዛንቺስ እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ መሄድ ቻልኩ።

በዚህ ዱቄት የምትሠሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ስሙ ከተጻፈበት ዕቃ ወደ ሌላ አትገልብጡት። ጓንት፣ መነጽርና ማስክ አድርጉ፤ ከበረኪና ጋር አትደባልቁት፤ ምግብ ባለበት አታስቀምጡት። ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ነፍሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ወተት ወይም ውሃ ትንሽ ትንሽ ስጡትና የዱቄቱን ስም ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ብረሩ።

ሐኪሟንና ነርሷን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸምሱን ግን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም ነበር። ሐኪሟ እንድጾም ከፈቀደችልኝ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሁዳዴ፣ ከቤት ባመጣሁት ስኳር በሶዬን በጠበጠ። ግን አልሰጠኝም።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልቅመስ» አለኝ።

ቀምቼው ጠጣሁ።