ትኩስ ፓውዛ

መብራቷ የምንላት ሴትዮ በቲያትር ቤታችን ከመጋረጃ ጀርባ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በገባችበት ቀን እኛ የመብራት ክፍል ወንዶች ገና አሁን የጠፋ፣ እሳት የመሰለ የመድረክ ፓውዛ በባዶ እጇ አስያዝናት። ጥርሷን ነክሳ መሰላሉን ወጣች፤ ሰቅላው ስትወርድ መዳፏ ተልጧል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ብሼ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት አብራን ስትሠራ ያን ቀን አንድም ጊዜ አላነሳችውም።

ዘንድሮ አለቃችን ለጋዜጠኞች "ከመጋረጃ ጀርባም በራችን ለሁሉም ክፍት ነው" ብሎ ደሰኮረና መብራቷንና እኔን ፈታኝ አደረገን።

አንዲት ወጣት ለፈተና መጣች። መብራቷ ፓውዛውን ግማሽ ሰዓት አብርታ አጠፋችውና "በይ፣ ይዘሽ መሰላሉን ውጪ" አለቻት።

ልጅቷ እጇን አስጠግታ ሙቀቱን ለካች። "እትዬ፣ ጓንት አለ? ከሌለም እስኪበርድ ልጠብቅ።"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብ የሚለውም ይህንኑ ነው። ጓንቱም ከደንቡ ሥር ተሰቅሏል። ያኔም እዚያው ነበር፤ ለመብራቷ ያላሳየናት እኛ ነን።

መብራቷ የመዳፏን ጠባሳ በአውራ ጣቷ እያሸች ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ የፈተናውን ወረቀት ሳብ አድርጋ "ለሥራው አትመጥንም" ብላ ጻፈች።

ልጅቷ ስትወጣ ጠብቄ "ምን አጠፋች?" አልኳት።

"እኔስ ምን አጥፍቼ ነበር?" አለችና ወረቀቱን ለፊርማ ወደ እኔ ገፋችው።

ፈረምኩ።