የአባቴ ያልሆነው ውሻ

አባቴ ውሻ አልነበረውም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ያውም ለዘጠኝ ዓመት በራችን ላይ የሚተኛውን፣ ግራ ጆሮው የተቀደደውን ቡናማ ውሻ እያየ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ፣ አምስት ወቅት ሰላቱን የማያጓድል ሰው ስለነበር «ውሻ አለኝ» ማለት ለአፉ ይከብደው ነበር። ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄድ ውሻው ይከተለዋል፤ ሲመለስም ይከተለዋል። «ይሄ ውሻ ያንተ ነው?» ሲሉት፣ «መንገዱ የአላህ ነው፤ ማንን ልከልክል?» ይላል። እራት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሲሶው ሲቀር ይጠግባል። የተረፈውን ራሱ ይዞ ይወጣና «ለወፎች ነው» ይላል። የሐይቅ ወፎች ከመግሪብ ሰላት በኋላ ቂጣ በወጥ ይበሉ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ውሻው እጁን ላሰው። አባቴ ጎረቤት እያየው በሩ ላይ ቆሞ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር አሽቶ፣ ሰባት ጊዜ ታጠበ። በሃይማኖታችን የውሻ ለሃጭ የነካው ነገር እንዲያ ካልሆነ አይጸዳም። ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርኩ። ውሻው ቁጭ ብሎ ጭራውን እየቆላ ሲያይ፣ ለእሱ ክብር የተደረገ ሥነ ሥርዓት ሳይመስለው አልቀረም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሁሉም ነገር ዘመቻ ነበር። ማንበብ ዘመቻ፣ ዛፍ መትከል ዘመቻ፣ መጸዳጃ መቆፈርም ዘመቻ። በዚያ ክረምት ደግሞ የእብድ ውሻ ዘመቻ መጣ። ባለቤት ያለው ውሻ ይመዘገባል፣ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይንጠለጠልለታል። ባለቤት የሌለው ሐሙስ ዕለት መርዝ ያለበት ሥጋ ይጋበዛል። እኛ ራሳችን ሥጋ የምንበላው በስንት ጊዜ አንዴ እንደነበር ላስታወሰ ሰው፣ መንግሥት ለውሾች ቸር ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ፤ አንደኛው አይጽፍም። ከቤት ቤት እየዞርኩ ውሻ ስመዘግብ እኛ ቤት ደረስኩ። ለዘመድ እንደማላዳላ እንዲታወቅልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የገዛ አባቴን፣ «ጓድ፣ ውሻ አለዎት?» አልኩት።

አባቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ውሻው እግሩ ሥር ተጋድሟል። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመዋል።

«ውሻ የለኝም» አለ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ፈረመ። እሱ በሃይማኖቱ፣ እኔ በአብዮቱ ኮርተን ተለያየን።

ነገሩ የገባን ማክሰኞ፣ ዝርዝሩ በስብሰባ ሲነበብ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የሰው ስም ዝርዝር ሲነበብ የሰማ ሰው፣ የውሻ ዝርዝር ሲነበብ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ እኛ ግን አልሳቅንም። የኛ ውሻ ዝርዝሩ ላይ የለም። ሊቀመንበሩን ልለምን ስሄድ «ማህተም ተመቶበታል» አለኝ። ማህተም ከተመታ በኋላ እውነት ራሷ ደጅ ብትጠና አትገባም። ያን ዕለት አባቴ ከእራቱ ምንም ሳይቀምስ ሙሉውን ይዞ ወጣ። ለወፎች ነው እንኳ አላለም።

ረቡዕ በጠዋት ውሻውን በገመድ ይዤ አምባሰል ወዳለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ዘንድ ልወስደው ተነሳሁ። አባቴ ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀኝም፤ ግን ለሁለት የሚበቃ ቂጣ አስቋጠረልኝ። እኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ነበረኝ፤ ውሻው አልነበረውም። ኬላው ላይ «ይሄ የማን ነው?» ቢሉኝ በገዛ እጄ የጻፍኩት መዝገብ ይመሰክርብኛል። ስለዚህ አስፋልቱን ትተን ድንጋያማውን ወንዝ ይዘን ሽቅብ ወጣን።

አምባሰል ሲባል ሌላው ሰው ትዝ የሚለው ዜማው ነው፤ እኔን ጉልበቴ ነው ትዝ የሚለኝ። ድንጋዩ ሁሉ ሳሙና የተቀባ ይመስል ያንሸራትታል። በላስቲክ ጫማዬ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ የይለፍ ወረቀቴም ራሰ። ውሻው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ቀድሞኝ ይሄድና፣ ዞር ብሎ፣ ይህን ልጅ ማን ላከብኝ በሚል ዓይን ይጠብቀኛል።

እኩለ ቀን ላይ ወንዙን ማቋረጥ የነበረብን ቦታ ስንደርስ ውሻው ቁጭ አለ። ገመዱን ብስበው አልነቃነቅ አለ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ላይ የአምባሰል ራስ ብቻ ጠቁሯል። «ቆራጥነት የጎደለህ! አድሃሪ!» ብዬ ጮኽኩበት። ከስብሰባ የለቀምኩትን ስድብ ሁሉ ጨርሼ በእርግጫ ልጀምር ስል፣ ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ መጣ። ከዚያ ደራሽ ጎርፉ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ልቆምበት በነበረው ቦታ አለፈ። እስከ ዛሬ በሕይወት ያለሁት በአንድ አድሃሪ ምክንያት ነው።

ጎርፉ እስኪጎድል ዳገቱ ላይ ተቀምጠን ቂጣውን ተካፈልን። በአንድ ቃል ለሞት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሞት ያወጣኝ እሱ። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ በጣምም አፈርኩ።

አጎቴ ሲመሽ ተቀበለን። ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ ውሻ ማኖር አያፍርም። በጠፍር ከምሰሶ አስሮት፣ «አይዞህ የእህቴ ልጅ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ሦስት ቀን ካበላሁት አባትህን ይረሳዋል» አለኝ።

ጠዋት ስነሳ የተበጠሰ ጠፍር ብቻ ነበር። ተረቱስ እውነት ነው፤ ውሻው ዘጠኝ ዓመት የበላው የት እንደሆነ ነው የዘነጋነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ወንዙን ቁልቁል እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በየጥምዝምዙ እርጥብ የውሻ ዱካ አይቼ እሮጣለሁ፤ ሳጣው የበለጠ እሮጣለሁ። ከተማው መግቢያ ላይ ሁለት ውሾች ቦዩ ዳር ተጋድመው አየሁ። ጠጋ ብዬ አየኋቸው፤ የኛ አልነበሩም። ቀና ለማለት ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ውሻው በጉልበቶቹ መካከል ነው። ጀለቢያው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ውሻው እጁን፣ ክንዱን፣ ጢሙን ሳይቀር ይልሳል፤ አባቴም ዝም ብሎታል።

ሊቀመንበሩ የሥጋውን ባልዲ ከያዘው ሰው ፊት ቆሞ መዝገቡን ዘረጋ። «እዚህ ላይ የለም ይላል፤ ፊርማዎ አለበት» አለ።

«ዋሽቻለሁ» አለ አባቴ። በሜትርም በመሐላም ዋሸ ተብሎ የማያውቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ጎረቤት እየሰማ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። የኔ ነው። ከፈለጋችሁ ከጭኔ ላይ ውሰዱት።»

ሊቀመንበሩ ማህተሙን አየ፣ አባቴን አየ፣ መጨረሻ ላይ ጭቃ ለብሼ የቆምኩትን እኔን አየ። ማህተም አይሳሳትም፤ አንድ ሰው ግን መሳሳት ነበረበት። «የጸሐፊው ስህተት ነው» ብዬ ጮኽኩ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ «የለም» የሚለውን ሰረዝኩ፤ መጀመሪያ የማይጽፈውን ስላወጣሁ ሁለተኛውን ማውጣት ነበረብኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግለ ሂስ አደረግሁ፣ ከጸሐፊነቴም ተነሳሁ። ውሻው ቆርቆሮውን አገኘ።

ሰዉ ሲበተን አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ «ውሃ» አለኝ። በጀሪካን አመጣሁ። አንዱን በአፈር አሸ፤ እኔ እያፈሰስኩ እቆጥራለሁ። ውሻው እንደ ልማዱ ቁጭ ብሎ ጭራውን ይቆላል። አምስተኛው ላይ ስንደርስ አባቴ ቀና ሳይል፣

«ውሃውን አትጨርሰው» አለኝ። «ነገም እታጠባለሁ።»