የሰዒዳ ዱቄትና የጋሽ አራጋው በግ

ጋሽ አራጋው የገራዶ ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ሃያ ዓመት ሠርተው ወደ እኛ ቤተ ሙከራ ሲመጡ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ቀለም ላይ ግን ዓይናቸው አይሳሳትም። ዶክተሮቹ ሳይቀሩ ይፈሯቸዋል። እኔ የመጋዘኑ ኃላፊ ነኝ፤ ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ተቆጥቼባቸው አላውቅም ነበር።

ሰዒዳ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን ናት። ሥራዋ አሉሚና በሚባል ነጭ ዱቄት ላይ የተንግስተን ኦክሳይድ ቀብታ የዱቄቱ ገጽ ምን ያህል አሲድ እንደሆነ መለካት ነው። ቢጫ ቀለም ጠብ ስታደርግበት፣ አሲድ ካለው መቅላት አለበት። ሁለት ዓመት ለፍታ፣ ጽሑፏን ልታቀርብ አራት ቀን ሲቀራት ጠብ አደረገች። ቢጫ! ደገመች። አሁንም ቢጫ።

«ያ አላህ! አለቀልኝ» ብላ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። አንጀቴን በላችው።

ጋሽ አራጋው ዱቄቱን አንስተው አሸተቱ። ፊታቸው ከዱቄቱ ብሶ ነጣ።

«ልጄ፣ በአምስት መቶ ዲግሪ መልሰሽ አቃጥዪው።»

«ለምን ጋሼ?»

ይኼኔ ከመጋዘኑ በግ ጮኸ።

እኔ ደሴ በፈቃድ ሰንብቼ ያን ጠዋት ገና መመለሴ ነበር፤ ሳልኖር ጋሽ አራጋው ለፋሲካ ሳይወደድ ብለው በጉን ከሐርቡ ገበያ ገዝተውታል። አከራያቸው ግቢዬ አይገባም ብትል፣ ሳይከደን ከተቀመጠው ዱቄት ሥር አሰሩት። የሦስት ቀን ሽንት አሞኒያ ሆኖ ተነነ፤ አሞኒያ ደግሞ አሲድ ካገኘ አይለቅም፣ የዱቄቱን ገጽ እንደ ደሴ ሚኒባስ ሞላው። ለቀለሙ ቦታ አልተረፈም።

«በግ! በእኔ መጋዘን!» ብዬ ጮህኩ።

«እባክሽ ሰርካዲስ፣ ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ ያባርሩኛል» ብለው ለመኑኝ። ንዴቴ ባይበርድም ለማንም እንዳልናገር ቃል ገባሁላቸው። ሰዒዳም እንዲሁ።

እሳቱ አሞኒያውን አባረረው፤ ዱቄቱም ቢጫው ቀለም ጠብ ሲልበት ቀላ። ጽሑፏን ባቀረበች ቀን ግን አንዱ ፈታኝ፣ «የመጀመሪያው ለምን ቢጫ ሆነ? ይህን ካላስረዳሽ ሁለተኛውንም አልቀበልም» አላት። ሰዒዳ ሁለት ዓመቷን ልታጣ ነው፣ ሽማግሌውን ግን አልከሰሰችም።

ከኋላ ጋሽ አራጋው ብድግ አሉ። «በጌ ነው!» አሉና አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ እንባውን እየጠረገ፣ «ማስረጃ አለዎት?»

«አለኝ። እሁድ ይታረዳል።»

ሰዒዳ አለፈች። ውጭ ስንወጣ፣ «እኔስ ጋሼ? የእናንተን እርድ አልበላ» አለች።

«አንቺንማ መች ረሳሁ! ዶሮ ገዝቼልሻለሁ፤ አባትሽ ያርዷታል።»

«ዶሮዋ የት ናት?»

ጋሽ አራጋው ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመሩ። እኔ ቁልፌን ይዤ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ።