በቀይ የተሰመረው ስም

ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርት በሸተተኝ ቁጥር፣ ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬም ያ ጋዜጠኛ የገባ ይመስለኛል። እኔ የመጽሔቱ ታይፒስት ነበርኩ፤ እሱ ግን የማንም ተቀጣሪ አልነበረም። አንድ ሳምንት የጉዞ ወግ፣ ሌላ ሳምንት የነጋዴዎች ወሬ፣ ሲለው ደግሞ የሰፈር ጨዋታ ጽፎ ያመጣል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ነጋዴ ነህ መንገደኛ?» እለዋለሁ።

«ዛሬስ ጎረቤት ነኝ» ይላል፣ የጫማውን ጭቃ በሩ ላይ እያራገፈ።

ያወሩት ሰዎች ስማችን እንዳይወጣ ብለው ከለመኑት፣ ስማቸውን በቀይ እርሳስ ያሰምርበታል። እኔም ስተይብ ሌላ ስም እተካለሁ። ደንባችን ይኸው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የሆቴል ልብስ አጣቢ ስለ አሠሪዋ ክፋት የነገረችውን ጽፎ አመጣ። ወደ ቤቴ ለመሄድ ቸኩዬ ነበርና ስሟን እንዳለ ተየብኩት። መጽሔቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ከሥራ ተባረረች።

ያን ዕለት ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ አስምሬበት አልነበረም?»

የእጅ ጽሑፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ቀዩ መስመር ከሩቅ ይታያል።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ አላስታውስም» አልኩት።

«እንግዲያው እኔው ዘንግቼ ነው። እርጅና ነዋ!» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «አሁኑኑ ቤቷ ሄጄ፣ እግሯ ላይ ወድቄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላታለሁ።»

ልቤ አውጥተሽ አሳዪው እያለኝ፣ እጄም የመሳቢያውን እጀታ እንደያዘ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ወጣ።